የጥርስ ብሩሽ አይቀቀልም

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው የራሴን ስህተት በማረም ነው።

በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ከንባብ በኋላ ስለ ጤና አጠባበቅ ጥቂት እንነጋገራለን። አንድ ቀን የጥርስ ብሩሽ ነገር ተነሣ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ብሩሻችሁን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ቀቅሉት፤ ጀርሙ ሁሉ ይሞታል» ብዬ ተናገርኩ። ከየት እንዳመጣሁት አሁን ሳስበው ይገርመኛል። የሕፃን ጡጦ ይቀቀላል፤ እንግዲያው ብሩሽም ይቀቀል አልኩ፤ በቃ።

ከተማሪዎቻችን መካከል አምስት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት አሉ። እሳቸው ቃሌን አምነው ቤታቸው ሄዱ። ብሩሹን ድስት ውስጥ ከተው እሳት ላይ ጣዱት። በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ሲመጡ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት መጡ። ፈተው አሳዩኝ። እጀታው እንደ ማጭድ ጎብጧል። ጸጉሩ ግራና ቀኝ ተበታትኗል። «ልጄ፣ ጀርሙም ሞተ፤ ብሩሹም አብሮ ሞተ» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። ያ ብሩሽ እንቁላል ተሽጦ የተገዛ ነው።

ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ «ብሩሹ የማን ነበር?» አልኳቸው። «የቤቱ ነው» አሉኝ። አባት፣ እናትና አምስት ልጆች፣ ሰባት ሰው በአንድ ብሩሽ! ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ስህተቴ የገባኝ። የማይሆነውን ተናግሬ ዋናውን ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ጠይቄ፣ መጽሐፍም አገላብጬ ያገኘሁትን እነሆ።

«ለመሆኑ ብሩሽ ለምን ይቆሽሻል? እሱ ራሱ የሚያጸዳ አይደል እንዴ?» የሚል ሰው ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። የቤት መጥረጊያን ተመልከቱ። ቤቱን የሚያጸዳው እሱ ነው። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ግን ብዙ ቆሻሻ የሚይዘውም እሱው ነው። ብሩሽም እንደዚያ ነው።

ጠዋት ስንነሣ ጥርሳችንን በምላሳችን ብንዳስሰው የሚያሟልጭ ስስ ነገር ይሰማናል። ይህ ምራቅ ብቻ አይደለም። ጀርሞች ተሰብስበው የሠሩት ሽፋን ነው። ጀርም ማለት በዓይናችን የማናየው፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ፣ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር ነው። እኛ ስኳር ያለው ሻይ ስንጠጣ፣ ማርና ዳቦ ስንበላ፣ ጀርሞቹም አብረውን ይበላሉ። በልተው አሲድ የሚባል ነገር ያወጣሉ። ጥርስን የሚቦረቡረው ይህ አሲድ ነው። «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን እንጂ ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ሽፋኑ ድድ ሥር ሲከማች ደግሞ ድዱ ያብጣል፤ ይደማል። ውሎ ሲያድር ጥርሱ ይነቃነቃል።

ብሩሽ ይህን ሽፋን ይፍቃል። የተፋቀው ነገር ከፊሉ ከውኃው ጋር ይተፋል። ከፊሉ ግን በብሩሹ ጸጉር መካከል ተሸጉጦ ይቀራል። ብሩሹ ርጥብ ሆኖ ከዋለና ካደረ እዚያ የቀረው ጀርም ይቆያል፤ ይራባል። ደርቆ ካደረ ብዙው ይሞታል። ይህን ገበሬ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሳይደርቅ ጎተራ የገባ እህል ምን ይሆናል? ይሻግታል። በደንብ የደረቀው ይከርማል። የብሩሽ አያያዝ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ማጠብና ማድረቅ። መቀቀል አያስፈልግም። በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም አያስፈልግም።

መቀቀሉ ለምን ብሩሹን ያበላሸዋል? እጀታው ፕላስቲክ ነው። ጸጉሩ ደግሞ በአብዛኛው ናይለን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። በፈላ ውኃ ሁለቱም ይለሰልሳሉ። ሲለሰልሱ ይጎብጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ በጎበጡበት ይደርቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ አባት የተናገሩትን ላንሣ። «የአሳማ ጸጉር ነው ይባላል፤ አፌ ውስጥ አላስገባውም» አሉ። አንዳንዶች ሳቁባቸው። ነገሩ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቀድሞ በቻይናም በአውሮፓም ብሩሽ የሚሠራው ከአሳማ ጸጉር ነበር። ይህ ጸጉር ውኃ ስለሚጠጣ ቶሎ አይደርቅም። በ1930 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938፣ አሜሪካ ውስጥ የናይለን ብሩሽ ለገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ናይለኑ የአሳማውን ጸጉር ከገበያ አስወጣው። ዛሬም አልፎ አልፎ በእንስሳ ጸጉር የሚሠራ ብሩሽ በዓለም ላይ አይጠፋም። ሲገዙ በብሩሹ መያዣ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማየት ነው። አሁን ማንበብ ችለናል አይደል?

እንግዲህ ወደ አጠባበቁ እንምጣ። ጥርሳችሁን ቦርሻችሁ ስትጨርሱ ብሩሹን በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ውኃ ከላይ ይፍሰስበት እንጂ ብሩሹን ጋን ወይም እንስራ ውስጥ አትንከሩት። ከነከራችሁት የአፋችሁን ጀርም ለቤተሰቡ ሁሉ አጠጣችሁ ማለት ነው። አንዱ በጣሳ ያፍስስ፣ ሌላው በአውራ ጣቱ ጸጉሩን እየፈለቀቀ ይጠብ። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ግን አንድ ስኒ ውኃ በቂ ነው። ከታጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፉት። ውኃው ይርገፍ።

ቀጥሎ የት ይቀመጥ? በየቤቱ ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ቤት ብሩሹ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቷል፤ ከግድግዳው ማዶ ጥጆች ይታሰራሉ። ሌላው ቤት ከምድጃው በላይ ጣራው ሥር ተሻጥቶ ጥቀርሻ ለብሷል። አንድ ቤት ደግሞ ከሁሉ የሚጠነቀቁ ናቸው፤ አቧራ እንዳይነካው ብለው ገና ርጥብ ሳለ በፌስታል ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከሦስቱ ሁሉ ይህኛው ጀርም የሚያራባ ነው። ርጥበቱ መውጫ አጣ፤ ብሩሹ ታፈነ።

ብሩሽ ነፋስ ይፈልጋል። ጸጉሩ ወደ ላይ፣ እጀታው ወደ ታች ሆኖ ቆሞ ይደር። እኛ ጣቢያ የሠራነው እንዲህ ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ጣውላ ፈለግን። ሽቦ እሳት ውስጥ አግለን በጣውላው ላይ በየአራት ጣቱ ቀዳዳ አበጀን፤ እጀታው የሚገባበት፣ ጸጉሩ ግን ከላይ የሚቀርበት ቀዳዳ ነው። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከምድጃና ከከብት ማደሪያ አርቀን ግድግዳ ላይ መታነው። ዶሮም አይጥም አይደርስበትም። ቀዳዳዎቹን ያራራቅነው የአንዱ ብሩሽ ጸጉር የሌላውን እንዳይነካ ነው። ጣውላ ያላገኘ ባዶ ጣሳ ይጠቀም፤ ግን የጣሳውን ቂጥ በምስማር ይብሳው። ካልተበሳ ውኃው ሥሩ ይጠራቀምና እጀታው ዝቃጭ ውስጥ ይቆማል። ዝንብ የሚበዛበት ቤት ስስ ሻሽ ከላይ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ነፋስ እስካስገባ ድረስ ችግር የለውም። መጸዳጃ ቤት አጠገብ ግን በፍጹም አይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ፤ ሰባት ሰው በአንድ ብሩሽ።

ባልና ሚስት ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ እናት ለልጇ ታጎርሳለች። «ታዲያ በብሩሽ ምን አለበት?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ ደም ነው። ብሩሽ ድድን ይነካል። ድዱ የታመመ ሰው ሲቦርሽ ይደማል፤ አንዳንዴ ደሙ ከማነሱ የተነሣ ራሱም አያየውም። ያ ደም ጸጉሩ መካከል ይቀራል። ቀጥሎ የሚቦርሸው ሰው ድዱ ላይ ትንሽ ቁስል ካለች ደም ከደም ተገናኘ ማለት ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ጉበትን የሚያጠቃ በሽታ አለ። ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ እኛ የወፍ በሽታ እንለዋለን፤ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በሽታው በደም ይተላለፋል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ሕይወቱን ጠብቆ መቆየት ይችላል። ስለዚህ ማድረቅ ብዙውን ጀርም ቢገድልም ይህንን አይገድለውም። ማጠቡም ሙሉ በሙሉ አይተማመኑበትም። በሽታው ያለበት ሰው ምንም ሳያመው ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ቤታችን በሽተኛ የለም» ማለት አያዋጣም። የምላጭና የብሩሽ ነገር አንድ ነው፤ ከወንድምም ጋር ቢሆን አይዋዋሱትም።

ለእያንዳንዱ ሰው ብሩሽ መግዛት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለሰባት ሰው ሰባት ብሩሽ! ለዚህም መላ አለ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ብሩሾቹ ቢገዙ እንኳ እንዴት ይለያሉ? ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ናቸው። ልጆች ደግሞ ያገኙትን ያነሣሉ።

መላውን ያገኙት እኚያው ብሩሻቸው የጎበጠባቸው እናት ናቸው። «ፊደል ያስተማርከን ለምን ሆነና?» አሉኝ። ምስማር አግለው በየእጀታው ላይ የባለቤቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፉበት። ሁለቱ ልጆቻቸው ስማቸው በ«አ» ይጀምራል። ለታላቁ አንዱን ፊደል፣ ለታናሿ ሁለት ፊደል ጻፉ። ፊደል ገና ላልለየው ለትንሹ ልጅ ቀይ ክር አሰሩለት። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም።

የጥርስ ሳሙና የምትጠቀሙም ካላችሁ አንድ ነገር አትርሱ። የሳሙናው አፍ የሁሉንም ብሩሽ እየነካ ከሄደ ብሩሹን መለየቱ ትርፉ ያንሳል። ጠብ አድርጉት እንጂ አታስነኩት። ብዙም አያስፈልግም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች። ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ቢሆን ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። ሳሙና ከሌለም ግን ብሩሹ ብቻውን ሽፋኑን ይፍቃልና መቦረሹ አይቅር። በአሸዋ፣ በአመድና በከሰል መፈግፈግ ግን ይቅር። ጥርሱንም ይልጠዋል፤ ብሩሹንም ይጨርሰዋል። በስምጥ ሸለቆ አገር ያሉ አንዳንድ ወገኖቻችን ጥርሳቸው ቡናማ ሲሆን በአሸዋ ሊያስለቅቁት ይታገላሉ። ያ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ልጆች ሳሉ የጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርሱ ከውስጥ ሲሠራ የያዘው ቀለም ነው። ጥቂቱ ጥርስን ይጠቅማል፤ ከልክ ያለፈው ይጎዳል። ምንም ቢፈጉት አይለቅም።

ብሩሽ ዕድሜው ስንት ነው? ከ3 እስከ 4 ወር ነው። ጸጉሩ ቀድሞ ከተበተነ ግን ወሩን አይጠብቁም። ማረሻ ቢደንዝ ቀጥቃጭ ዘንድ ይወሰዳል፤ ይሳላል። ጸጉሩ የተበተነ ብሩሽ ግን የሚስለው የለም። ጫፉ በጥርስና በጥርስ መካከል መግባቱን ትቶ ድድ ይወጋል። ወሩን ለማስታወስ በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት መለወጥ ነው። ብሩሽ ቶሎ የሚያልቅበት ዋናው ምክንያት መጫን ነው። እኛ የለመድነው መሣሪያ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል። ብሩሽ አይፈልግም። እንደ መጥረቢያ ጨብጣችሁ ሳይሆን እንደ እርሳስ በጣቶቻችሁ ጫፍ ያዙት። ድዱና ጥርሱ ከሚገናኙበት ቦታ ጀምራችሁ በቀስታ ቦርሹ። በአንድ ወር ውስጥ ጸጉሩ ከተበተነ ጥፋቱ የብሩሹ ላይሆን ይችላል፤ ሳትጫኑት አትቀሩም። ስትገዙም ጸጉሩ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ። ጠንካራው የበለጠ ያጸዳል የሚባለው ትክክል አይደለም።

አሁን መላው። አንድ ሽማግሌ አባት ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆዩና «የእኔ ብሩሽ እኮ ዛፍ ላይ ይበቅላል፤ ሲያረጅ ሌላ እቆርጣለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ከከተማ ስመጣ መፋቂያን እንደ ኋላ ቀርነት እቆጥረው ነበር። ይህም ሦስተኛው ስህተቴ ይሁንልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ1970ዎቹ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር፣ መፋቂያ ልማድ በሆነበት አገር ሰዎች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። በደንብ ከተፋቁበት ጥርስ ያጸዳል። ስለዚህ ሰባት ብሩሽ መግዛት ያቃተው ቤት አንዱን ብሩሽ ለሰባት ከሚያዳርስ ለእያንዳንዱ መፋቂያ ይቁረጥ።

መፋቂያም ግን አያያዝ አለው። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ ቅርንጫፍ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የሚሆን ይበቃል። ርጥቡን መቁረጥ ነው። የደረቀው ድድ ይቧጭራል። ጫፉ ይታጠብ፣ ልጡ ይላጥ፣ ከዚያ እየታኘከ ጸጉር እስኪያወጣ ይለስልስ። የፊት ጥርስን ብቻ ፍቆ መተው የብዙዎቻችን ልማድ ነው። የመንጋጋው ውስጠኛ ገጽ ይረሳል፤ እዚያ መድረስ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። በማግሥቱ የተፋቁበትን ጫፍ በቢላ ቆርጦ ጥሎ አዲስ ጫፍ ማኘክ ነው። ከናይለኑ ብሩሽ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ በየቀኑ አዲስ ይሆናል።

መፋቂያን ከሱሪ ኪስ ከትምባሆና ከሳንቲም ጋር መክተት፣ አጥር ላይ መሰካት፣ ቆሻሻ መሬት ላይ አስቀምጦ እንደገና አፍ ውስጥ መመለስ አይገባም። «እስቲ ቁረጥልኝ» ላለ ወዳጅ ያልተፋቁበትን ወገን ቆርጦ መስጠት ይቻላል። የተፋቁበትን ግን አይሰጡም፤ የደሙ ነገር እዚህም አለ። ወተት የሚያወጣ እንጨት፣ እንደ ቁልቋልና ቅንጭብ ያለው፣ አፍ ያቃጥላል፤ ዓይን ቢነካ ይጎዳል። የማታውቁትን እንጨት አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። ወይራውንም ስትቆርጡ ከጎን ቅርንጫፍ ውሰዱ እንጂ ለጋውን ችግኝ ከሥሩ አትቅጩት። ነገም መፋቂያ ያስፈልጋልና።

እኚያ እናት አሁን ለሁለቱ ታላላቅ ልጆቻቸው ብሩሽ ገዝተዋል። ለቀሩት በሚቀጥሉት ገበያዎች አንድ አንድ እያሉ ሊገዙ አስበዋል፤ እስከዚያው እሳቸውና ባለቤታቸው በወይራ መፋቂያ፣ ትንንሾቹም በየራሳቸው ልምጭ ይፍቃሉ። ፊደል የተጻፈባቸው እጀታዎች ጣውላው ላይ ቆመዋል፤ ያልተገዙት ብሩሾች ቀዳዳ ባዶውን ይጠብቃል። የተቀቀለውን ብሩሽ ግን አልጣሉትም። በጎበጠው እጀታ የፋኖሱን ብርጭቆ ውስጡን ይወለውሉበታል። ቀጥ ያለ ብሩሽ እዚያ አይደርስም ነበር አሉኝ።